ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባሕር

ዓባይነህ ዋና አያውቅም። ባሕር የሚባለውን ነገር ያየው መጀመሪያ ከሱዳን ሲወጣ በአውሮፕላን መስኮት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተሳፋሪ ይዞ ቤይ ብሪጅ የሚሉትን የባሕር ድልድይ ሲሻገር ነው፤ ያኔም ዓይኑ መንገዱ ላይ እንጂ ውሃው ላይ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ስድሳ ሊሞላው ሲል፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና አጠገብ ባለችው ባለአንድ ክፍል አፓርትመንቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሕር ላቋቁም ብሎ ተነሣ። የታክሲ ጓደኞቹ ሰምተው ሳቁበት። ይሳቁ፤ ምክንያቱን አያውቁማ።

ምክንያቱ ዮርዲ ናት። አንድ ልጁ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይንሸት ከዓባይነህ ከተፋታች በኋላ ሚልክያስ የሚባል፣ ሚልፒታስ ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር አግብታ ሳን ሆዜ ትኖራለች። ልጅቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን አባቷ ዘንድ ታሳልፋለች። መጣች ይባላል እንጂ የምትመጣው ሰውነቷ ነው፤ ሶፋው ጥግ ትቀመጥና ስልኳ ውስጥ ትገባለች። አባት በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ መልሱም "ፋይን" ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል ወይንሸት ደወለች። "ዓባይነህ፣ እንድትቀየመኝ አልፈልግም። ልጅቷ አድጋለች። መምጣት ከፈለገች አመጣታለሁ፤ ካልፈለገች ግን ጎትቼ መኪና ውስጥ አላስገባትም" አለችው። "ገባኝ" አለ። ሌላ ምን ይበል፣ እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ሳን ሆዜ ሊመልሳት እየነዳ ሳለ ዮርዲ አንድ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ አየችና "እዚህ አቁምልኝ" አለች። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ነገር ጠየቀችው። ውስጥ ገብታ ከአንድ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ዓሣ ከሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ፊት ቆመችና አፏ ተከፈተ። ኮራል ስለሚሉት ነገር ነገረችው፤ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ እንደሆነ፣ ባሕሩ እየሞቀ በየአገሩ እያለቀ እንደሆነ፣ ኮሌጅ ስትገባ የምትማረው ይኼንን እንደሆነ። ዓባይነህ ግማሹ አልገባውም። ፊቷ ግን ገባው። እንዲህ ፈክታ መጨረሻ ያያት የወተት ጥርሷ ሲነቀል ነበር መሰለው።

"እኔ ቤት እንሥራው?" አላት።

"ሪሊ?"

"ሪሊ።"

ሥራው ልጅ እንደማሳደግ ሆነ፤ እንዲያውም ልጅ ይሻላል፣ ሲርበው ያለቅሳል። መጀመሪያ መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አሸዋው ገባ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የባሕር ድንጋይ ተደረደረ፣ መብራቱና ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ተሰካ። ዓባይነህ "ጨዋማ ውሃ ከሆነ የተፈለገው አላሜዳ ባሕር ዳር ወርጄ በባልዲ ልቅዳ" ቢል ዮርዲ ሳቀችበት። ያ ቆሻሻ ነው፣ የቧንቧውም አይሆንም፤ የተጣራ ውሃ ተገዝቶ፣ የባሕር ጨው ተመዝኖ ይበጠበጥበታል። ስለዚህ ከሥራ ሲወጣ ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ከሚሸጠው ማሽን ፊት ይሰለፋል፤ ሊፍቱ የተበላሸ ቀን በደረጃ ይሸከማል። አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ ለቤተሰብ ሲቀዳ ያደገ ሰው፣ አሜሪካ መጥቶ የዓሣ ውሃ ቀጂ ሆነ።

"አሁን መጠበቅ ነው" አለች ዮርዲ። በዓይን የማይታዩ ነገሮች ድንጋዩ ላይ እስኪራቡና ውሃው እስኪጎለምስ ዓሣ አይገባበትም።

"ጠላ እንደመጥመቅ በለኛ" አላት። ሴት ልጁን በወንድ አጠራር ማቆላመጥ ልማዱ ነው።

"ካይንዳ፣ እንደዚያ ነገር" ብላ ፈገግ አለች።

ባዶ ውሃ ፊት ለፊት አብረው ተቀመጡ። ድንጋዩ ቡናማ ለበሰ፣ ቀንድ አውጣዎች ገብተው ጠረጉት፣ ሽሪምፕ የምትባል አንዲት ባለብዙ እግር ቀይ የባሕር ፍጡር ገባች፣ ቀጥሎ ኮራሎቹ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። በመጨረሻ ብርቱካንማ ሆና ነጭ መቀነት የታጠቀች ዓሣ ገባች። ዮርዲ ሚጥሚጣ አለቻት። ስልኩ ሶፋው ላይ ተረሳ። አንድ እሑድ ማምሻውን የመኪና ቁልፉን ሲያነሣ "አባዬ፣ ትንሽ እንቆይ" አለችው፤ በአማርኛ። ያቺን ቃል ተሳፋሪ ይዞ እንኳ በልቡ ይደጋግማት ነበር።

ዓባይነህ ቤት ደስታ ሰንብቶ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ሚጥሚጣን ሲያያት ገላዋ ላይ ጨው የተነሰነሰባት መስላለች፤ ድንጋዩን እየታከከች ትተነፍሳለች፣ ምግብም እንቢ አለች። ለዮርዲ ደወለ። ፈተና ስላለባት በዚህ ዙር አትመጣም። በሽታውን ግን ወዲያው አወቀችው። መድኃኒቱ ዓሣ ያድናል፣ ኮራል ግን ይገድላል፤ ስለዚህ ሚጥሚጣ ወጥታ ለብቻዋ በሌላ ዕቃ መታከም አለባት።

"ስመጣ እኔ አደርገዋለሁ። እስከዚያ ውሃው ውስጥ ምንም ነገር እንዳትጨምር። ፕሮሚስ አድርግልኝ፣ ዳድ።"

"ፕሮሚስ" አለ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዓባይነህ አንገቱ ላይ የእናቱ የወለተ ማርያም የመዳብ መስቀል አለ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ሳለ ወባ ጥሎት ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥበት፣ አብሯቸው የነበሩ ቄስ መስቀሉን ከአንገቱ ፈትተው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጸልየውበት ያንን ውሃ አጠጡት። ዳነ። ኪኒኑ ይሁን መስቀሉ ሐኪም ይከራከርበት፤ እሱ ጥርጥር የለውም። ሁለት ቀን ሚጥሚጣ ስትማቅቅ ዓይቶ አልቻለም። ዓሣዋ ከሞተች ዮርዲ ለምን ትመጣለች? ለእሱ ብላ እንደማትመጣ ያውቃል፤ ይህን ለራሱ ዋሽቶ አያውቅም። "ምንም ነገር" ስትል መድኃኒት ማለቷ ነው፣ መስቀል ደግሞ ነገር ነው እንዴ? እያለ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ጠበቃ አይቸግረውም።

መስቀሉን አጠበው፤ መጠንቀቁ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ፣ ልጅቷ ስትመጣ እንዳትስቅበት ከድንጋዩ ጀርባ ሸሸገው። "የታመመን ሁሉ የምትፈውስ፣ ይህችን ዓሣ ማርልኝ" አለ። ሌላ ምንም አልለመነም። ቄሱ ነክረው እንዳወጡት እንኳ አላወጣውም፤ በረከቱ እንዳያልቅ ብሎ እዚያው ተወው።

ሚጥሚጣም ዳነች። ነጩ ነገር ከገላዋ ላይ ረገፈ፣ መዋኘት ጀመረች፣ ከጣቱ ሥር ምግብ ለቀመች። ዓባይነህ ደስታው ልክ አጣ። ኮራሎቹ ተኮማትረው እንደነበር፣ ቀንድ አውጣዎቹ አሸዋው ላይ እየወደቁ እንደነበር አላየም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። እሱ የሚያየው ዓሣዋን ብቻ ነው። በስልኩ ቀርጿት "ተመልከት፣ ድናለች" ብሎ ላከላት።

መልሱ ሳይቆይ መጣ። "ኮራሎቹ ምን ሆኑ?"

በማግስቱ፣ ተራዋ ሳይሆን፣ ወይንሸት አምጥታ በር ላይ አወረደቻት። ዮርዲ ጃኬቷን ሳታወልቅ አኳሪየሙ ፊት ቆመች። ቀይዋ ሽሪምፕ በጀርባዋ ወድቃለች። አረንጓዴው ኮራል ሥጋው ተልጦ ነጭ አጥንት ቀርቷል። ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ፣ የመመርመሪያ ጠብታ ጨምራ ወዘወዘችው፤ ቀለሙ ተለወጠ።

"ኮፐር" አለች።

ቃሉን ያውቀዋል፤ ሌባ ከመንገድ መብራት ቆርጦ የሚሸጠው ሽቦ ነው። "እዚህ ቤት ኮፐር የለም" አላት ከልቡ።

"የዓሣው መድኃኒት እሱ ነው። ጨመርክ?"

"ኧረ አልጨመርኩም፣ በእናቴ..." ብሎ ሊምል ጀመረና "እናቴ" ላይ ቃሉ ቀረበት። የእናቱ መስቀል መዳብ ነው። ልጅቷ ትጠብቀዋለች። ዓባይነህ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ፣ ከድንጋዩ ጀርባ መስቀሉን አወጣ። አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሷል።

ዮርዲ ተቀብላው መዳፏ ላይ አገላበጠችው። አልሳቀችም፤ ምናለ በሳቀች። ብትቆጣም ይሻለው ነበር።

"አያቴ የሰጠችህ ነው?" አለችው።

"አዎ። ሚጥሚጣ እንድትድን ብዬ ነው።"

"አይ ኖው፣ አውቃለሁ።" ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

"እንደገና እንጀምራለን። ውሃውን ዛሬውኑ ደፍቼ አዲስ እቀዳለሁ፣ ጀሪካኑ መኪናው ውስጥ ነው" አለ፣ እየተቻኮለ።

ራሷን ነቀነቀች። ድንጋዩም አሸዋውም መዳቡን ጠጥተውታል። ቢታጠብ አይለቅም፤ ውሃ በተለወጠ ቁጥር መልሰው ይተፉታል። እዚህ ዕቃ ውስጥ ከእንግዲህ ኮራል አይኖርም። ይህን ሁሉ በእርጋታ፣ አስተማሪ ለተማሪ እንደሚያስረዳ አስረዳችው። መጨረሻ ላይ ግን ድምጿ ተሰበረ። "ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር፣ ዳድ።"

መስቀሉን ከመዳፏ ላይ አንሥቶ አንገቱ ላይ መልሶ አሰረው።

ዮርዲ ደግሞ ዓይኗን ከእሱ አሽሽታ፣ ሚልክያስ ሳሎን ውስጥ ትልቅ አኳሪየም እየሠራላት እንደሆነ፣ ውሃው እንደደረሰ ነገረችው። እንዳይከፋው ብላ ነበር ያልነገረችው። ሚጥሚጣን ብትወስዳት ይሻላል። "አሁን ስለዳነች መንገዱን ትችለዋለች" አለች።

ዮርዲንና ሚጥሚጣን ራሱ አደረሳቸው። ባልዲው ክዳን ተደርጎለት ዮርዲ እግር መሃል ተቀመጠ። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ውሃው እንዳይናወጥ በቀኝ መስመር እየተንቀረፈፈ ነዳ፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋበት ዞር አላለም። ሚልክያስ በሩን ከፍቶ "ግባ እንጂ ጋሼ፣ ምነው?" አለው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ በምን ይጠላል። ዓባይነህ መኪናዬ ጥሩ ቦታ አልቆመም ብሎ ተመለሰ። መኪናው በሩ ላይ፣ በደንብ ቆሞ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ዮርዲ ፈተና አለብኝ ብላ ጻፈች። በሚቀጥለውም ሌላ ምክንያት መጣ። ከዚያ ምክንያት መጻፉም ቀረ፤ እሱም አልጠየቀም።

አኳሪየሙን አልጣለውም። መብራቱን ያበራል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ባዶውን ውሃ ያያል። አንድ ቅዳሜ ከዮርዲ ፎቶ ተላከለት፤ ሚጥሚጣ በትልቅ መስታወት ውስጥ፣ አዳዲስ ኮራሎች መሃል፣ ወፍራ። ከሥሩ "በጣም ደህና ናት" ይላል። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ መለሰ፤ ከልቡ ነው። ጸሎቱ ተሰምቶለታል። ዓሣዋን ማርልኝ አለ፣ ተማረችለት። ያን ቀን ልጄን አታርቅብኝ ብትል አፍህን ማን ያዘህ፣ ይላል ለራሱ። መስቀሉን ከሸሚዙ ሥር ይዳብስና ይነሣል፤ ውሃው ተንኖ ጎድሏል፣ ከጀሪካኑ ይሞላዋል።