እኔን ትቶ የሸሸው ፓስፖርቴ

ማዳም "ሻንጣውን አዘጋጂ" ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ነው ተብሎ፣ ዳማም አል ሻጢእ ያለው ሰፈራችን መስኮቱን ሁሉ በፕላስተር አሽጎ፣ አቅም ያለው ወደ ጅዳ መሸሽ ጀምሯል። ሻንጣው ድንገት "ውጡ" ቢባል አንጠልጥለውት የሚሮጡት ነው። የቤቱን ካርታ፣ የሦስቱን ልጆች የልደት ወረቀት፣ የባልዬውን የስኳር መድኃኒት፣ የማዳምን ወርቅ፣ የአምስቱንም ፓስፖርት በላስቲክ እየጠቀለልኩ ከተትኩ። ስድስተኛው የእኔ ነበር። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ስለኖረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እጄ ሲገባ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ልደብቀው እችል ነበር። ግን አብሬ የምሄድ መስሎኝ ከእነሱው ጋር ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኟ ወረቀቱንም ለቀቅኩ።

ወደ ጅዳ ሊሄዱ ሲሉ፣ መኪናው ውስጥ ለእኔ ይሆናል ባልኩት መቀመጫ ላይ ቴሌቪዥኑን አስቀመጡት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቀበቶ ታሰረለት። ማዳም የቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝ።

"አንቺ ቤት ጠብቂ። ሩዙም ውሃውም ሞልቷል፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።"

"ፓስፖርቴስ፣ ማዳም?"

"ቤቱ ቢመታ ይቃጠላል። እኛ ጋ ይሻለዋል። ኸላስ፣ አለቀ።"

መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ ቢመታ እንደሚቃጠል ታውቃለች ማለት ነው። እያወቀች ወረቀቱን አውጥታ እኔን ውስጥ ተወችኝ።

በማግስቱ አንዲት ያገሬ ልጅ፣ የራሷ ባል ኩባንያ ውስጥ የሚሠራላት፣ እዚያው አጠገባችን ካለችው ከኹበር ከተማ ደወለችልኝ።

"የኩባንያው አውቶቡስ የሠራተኛ ቤተሰብ ይዞ ነገ ወደ ጅዳ ይወጣል። እህቴ ናት ብዬ አስመዝግቤሻለሁ። ፓስፖርትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ፤ ያለሱ ኬላ አያሳልፉሽም።"

"ፓስፖርቴ ሄዷል" አልኳት።

"የት?"

"ጅዳ።"

አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ።

ሳይረን በጮኸ ቁጥር መርዝ ጋዝ እንዳይገባ ፎጣ በውሃ ነክሬ የበሩን ሥር እደፍንና ደረጃው ሥር እቀመጣለሁ። የጋዝ ጭምብል የለኝም፤ የተገዛው አምስት ነበር። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ይብስ ነበር። አንድ ቀን መሬቱ ተንቀጥቅጦ ሳሎኑ ውስጥ መስታወት ሲሰበር ስሰማ፣ እዚህ ብሞት ማንነቴን የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ላዬ ላይ እንደሌለ ገባኝ። ያን ቀን ጮክ ብዬ ሰደብኳቸው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይሰማኛል።

ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ ማዳም ዓባያዋን እንኳ ሳታወልቅ ሻንጣውን ከፍታ ፓስፖርቴን አሳየችኝ። ላስቲኩ አልተፈታም።

"አየሽ? ምንም አልሆነም" አለችኝና ምስጋና የምትጠብቅ ይመስል ፊቴን አየችው። ፓስፖርቱንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞር አለች።

"ስንት መስታወት ተሰበረ?"