ከርከሮ ወደ ቤቱ ሲገባ

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው የአባባ ተረቶች ሁሉ ደም ነበረባቸው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ጉልበታቸውን በባቡር ሐዲድ ሥራ ጨርሰው፣ ናዝሬት ላይ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ሠርተው ነበር። አንደኛው እሳቸው፣ እማዬና እኔ የምንኖርበት አሮጌው የጭቃ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ የሚከራይ ቤት። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላው ከዚያ ቤት ኪራይ ነበር። አመሻሽ ላይ ወበቁ በረድ ሲል አባባ በራችን ላይ ተቀምጠው፣ ኩራዟን ከኋላቸው አስቀምጠው፣ የፈርኔሎውን ፍም እየቆሰቆሱ ያወሩልን ነበር፤ ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ከእግራቸው ሥር አልነቃነቅም። ተከራያችን ተስፋዬም ያኔ ገና ፂም ያላበቀለ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና፣ ከሥራ ሲመለስ ዱካ ስቦ አብሮን ያዳምጥ ነበር።

ከሁሉም የምወደው የከርከሮው ተረት ነበር። ከርከሮ ድሮ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው እንደ ማንም በፊቱ ነው ይሉናል። አንድ ቀን ጅብ ከኋላው ደርሶ ታፋውን ገነጠለው፤ ጎትቶ ካወጣው በኋላ ግልገሎቹን ዓይኑ እያየ በላቸው። እዚህ ላይ አባባ አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ በምላሳቸው ያሰሙን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከርከሮ ወደ ቤቱ የሚገባው በኋላው ነው፤ ፊቱና ክራንቻው ወደ በሩ።

«ታዲያ አባባ፣ ቤት ያለው ሁሉ ከርከሮ ነው ማለት ነው?» እያለ ተስፋዬ ይስቃል። አባባም ቤት ሲኖርህ ይገባሃል ይሉታል።

ከዚያ አዋጁ ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ተባለ፤ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቆየት ብሎ ተስፋዬ ቤቱን ለቀቀና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። አባባ ግን አንድ መላ መጣላቸው፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረችውን ጠባብ ክፍተት ግራና ቀኝ በጭቃ ግድግዳ ዘግተው፣ ከላይ ቆርቆሮ አልብሰው፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምታሳልፍ ጨለማ መተላለፊያ አደረጓት። ጭቃውን ከጭዱ ጋር በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነበርኩ። ለጠየቃቸው ሁሉ «አንድ ቤት ነው፤ ረዘመብኝ እንጂ» ይሉ ነበር።

ያኔ ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ ዳር ሬሳ ተጥሎ የሚታይበት ጊዜ ነበር። እማዬ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ ዓይኔን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍንልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋዬ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ትርፍ ቤት ስለደበቁ ሁለቱም ቤቶች ይወረሳሉ አላቸው። ሰዎቹ በደንብ ያልደረቀውን ግድግዳ በዶማ ናዱት፤ የሲሚንቶውን ቤት በር ሰብረው ያስገባንበትን ዕቃ ግቢው ላይ በተኑት። ከዚያ በፈረሰችው መተላለፊያ በኩል ወደ አሮጌው ቤት ዞሩ። አባባ በትራቸውን ይዘው መተላለፊያዋ መሀል ቆመው ነበር። ጀርባቸውን አልሰጧቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ እንዳደረጉ፣ ቀስ እያሉ፣ በኋላቸው ወደ ቤታችን በር አፈገፈጉ። ያኔ ተረቱን በዓይኔ አየሁት። ተስፋዬም ያየው ይመስለኛል፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ይልቀቁ። እርስዎን ማስመታት አልፈልግም።»

«ያንን ቤት ውሰድ፤ ተከራያችን ሳለህ ስትታመም የተኛህበት ነው» አሉት። «እዚህኛው ግን እኔን ሳትገድል አትገባም።»

ተስፋዬ በአገጩ ምልክት ሰጠ። የጠመንጃው ሰደፍ የአባባን መንጋጋ ሲመታ የሰማሁት ድምፅ፣ አመሻሽ ላይ በምላሳቸው ያሰሙን የነበረው ድምፅ ነበር። እማዬ ስትሮጥ አንዱ በፀጉሯ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። በሁለተኛው ምት አባባ የበሩ ደፍ ላይ ተዘረሩ፤ ጥርሳቸው ከደማቸው ጋር ጭቃው ላይ ፈሰሰ። እንደዚያም ሆነው መቃኑን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘውት ነበር።

የመታቸው ሰውዬ ሊገባ እግሩን አነሳ፤ ግን አላሳለፈውም። ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው፤ እሱንም እናቱ በልጅነቱ ሳትቆጣው አልቀረችም። ሁለተኛውም መጣ፤ አየና ወደ ኋላ አለ። መንጋጋ ለመስበር ያልከበዳቸው ሰዎች የወደቀን ሽማግሌ መራመድ ከበዳቸው። ተስፋዬ ተቆጥቶ ራሱ ቀረበ፤ እሱም እግሩን አነሳ። አባባ ከታች ሆነው አዩት። እግሩን መልሶ አወረደ።

«አሮጌዋ ትቅርላቸው» ብሎ ወጣ።

የአባባ መንጋጋ ገጥሞ አልዳነም፤ የሚናገሩት የሚገባን እማዬና እኔ ብቻ ነበርን። ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ዓይነ አፋር ልጅ ብሆንም፣ አመሻሽ ላይ ፍሙ ዳር ተረቱን የማወራው እኔ ሆንኩ። ስሳሳት በበትራቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ የአጥንቱ ድምፅ ጋ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ፤ እሳቸውም አይመቱም። የኪራዩ ገንዘብ ቢቀርም እኛ ለማንም ኪራይ አንከፍልም ነበርና፣ እማዬ ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣ ሽንኩርት እየቸረቸረች ደብተር ሳታሳጣኝ አስተማረችኝ። ጎረቤቶቻችን ውጡ እየተባሉ ዕቃቸውን በጋሪ ሲጭኑ፣ እኔ ማንም ውጪ የማይለኝ ጥግ ላይ በኩራዝ አነብ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰችኝም ያቺ ጥግ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ አባባ መቀመጫቸውን ከደፉ ላይ አላነሱም። ልንገባ ስንል «አባባ፣ ልለፍ?» እንላቸዋለን፤ እግራቸውን ይሰበስቡልናል። ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬም ከሥራ ስመለስ፣ መጽሐፌን ታቅፌ፣ ቤታችን በር ላይ ቆም እላለሁ፤ እግራቸውን እስኪሰበስቡልኝ።