ከቀዩ ነጥብ አልፎ

ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸዋል። ጋራዥ በሚሠሩበት ዘመን የሞተርን ሕመም በዓይን ሳይሆን በጆሮ ያገኙ ስለነበር ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንዲት በሽተኛ ብቻ ቀርታቸዋለች፤ ግቢያቸው ውስጥ የቆመች፣ ባለ ሁለት ካርቡራቶር አሮጌ መኪና።

ስትነዳ ደህና ናት። ችግሯ ስትቆም ነው። እግራቸውን ከቤንዚን ፔዳሉ ላይ ሲያነሱ ሞተሩ ረጋ ብሎ መዞር ሲገባው፣ መካኒኮች «ሚኒሞ አልይዝ አለች» እንደሚሉት፣ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ እልም ይላል። ባለፈው ሳምንት መስቀለኛ መንገድ መሀል ጠፍታባቸው አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ስቷቸዋል። ልጃቸው ይህን ስትሰማ በስልክ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ እሑድ እመጣለሁ። ቆማ የማትሠራ ከሆነ ትሸጣለች። አንተን ደግሞ መቅበር አልችልም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም «ደግሞ» ያለችው ቤቱ ውስጥ ቀረ።

መኪናዋ እንዲህ የሆነችው ባለቤታቸው ከሞተች ወዲህ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡራቶሮች ማስማማት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። እሳቸው ኮፈኑ ሥር አጎንብሰው፣ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን በየካርቡራቶሩ አፍ ላይ ይዘው የአየሩን ፉጨት ያወዳድራሉ። እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን መርፌ ትጠብቃለች።

«ወጣ... ወረደ... ኧረ አሁን ተወው፣ ጥሩ ነው። ድስት ጥጄ የመጣሁ ሴት ነኝ።»

ሲስማማላቸው የካርቡራቶሮቹ ማስተካከያ ብሎኖች የቆሙበትን ቦታ በእሷ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ያደርጉበታል። አልፎ አልፎ ብቻቸውን ሲነዱ መኪናዋ ያኔም ታስቸግር ነበር። «እኔ ከሌለሁ ታኮርፋለች» ትላቸውና ይሳሳቃሉ።

አሁን ካንዴላ ቀየሩ። የቤንዚን ማጣሪያ አጠቡ። በየመጋጠሚያው አየር እንዳይገባ ጓርኒሲዮኑን ሁሉ አዲስ አደረጉ። ከቀዮቹ ነጥቦች ግን ፍንክች አላሉም። እዚያ ላይ ሁለት ሰው ተስማምቷል፤ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን አይችልም።

«ጋሽ ጆሮ፣ በሽተኛዋ እንዴት አደረች?» አለ ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ።

«ትኩሳቷ አልበረደም።»

«ከሞተች ልብሷን እኔ ነኝ የምሰፋላት።» ሳቀ። ከዚያ ለማን እንደተናገረ ትዝ አለውና ወደ መኪናዋም፣ ወደ ሰውየውም ሳያይ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ማታ ማታ ራዲዮ ከፍተው ይበላሉ። የሚወራውን ለመስማት አይደለም፤ የማንኪያቸው ድምፅ ብቻውን እንዳይሰማ ነው።

እሑድ ልጃቸው መጣች። «ግቢና መርፌውን እያየሽ ንገሪኝ» አሏት።

«ባበላሸውስ?»

«ከዚህ በላይ አይበላሽም።»

ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑ ሥር ገቡ። ቱቦውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ መንፈራገጡ ጀመረ። ከዚያ ሳይታሰብ ቀጥ አለ። ረጋ ያለ፣ የድሮው ድምፅ። ቀና አሉ።

«ምኑን ነካሽው?»

«ምንም።»

ዞረው መጡ። ቦርሳዋ ከቾኩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ብርድ ላይ ሞተሩ ቶሎ እንዲነሳ ቤንዚኑን ከሚያበዛው፣ ሲሞቅ ወደ ውስጥ ከሚመለሰው እጀታ ላይ። ክብደቱ ትንሽ ስቦታል።

«እማዬ እዚህ አይደል የምትሰቅለው?» አለች ልጅቱ ፊታቸውን አይታ። «ወለልህ ቅባት ነው ትል ነበር።»

ቦርሳውን አነሱት፤ ሞተሩ ተንዘፈዘፈ። ሰቀሉት፤ ረጋ። የባለቤታቸውን ቦርሳ ስንት ጊዜ ከዚያ አንስተው አቀብለዋታል።

«ዕድሜ ልኬን ከነቦርሳዋ ነው ያስማማኋት» አሉ።

ልጅቱ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «እንግዲያው ይንጠልጠል አባዬ። የእማዬ ቦርሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። አንሸጣትም።»

ጋሽ ጆሮ ጥቂት አሰቡ። ቁም ሳጥኑን ገና አልከፈቱትም። «መንገድ ላይ ሲነቀንቀን ቢወድቅስ? መስቀለኛው ላይ?» ቦርሳዋን እቅፏ ላይ አስቀመጡላትና ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

ብሎኑን ከቀዩ ነጥብ አሳለፉት። ጥቂት ብቻ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። «ወጣ» አለች ልጅቱ። ከዚያ መርፌው ሳይወጣ ሳይወርድ ባለበት ረጋ።

እስከ መስቀለኛው ድረስ አብረው ነዷት፤ የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲቆሙ ሞተሩ ሳይንገዳገድ ጠበቀ። ግቢ ሲመለሱ ልጅቱ «በል መኪናዋ ትቀመጥ» ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ወደ ቤቷ ሄደች።

እሳቸው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። ሞተሩ ይሠራል። ብቻቸውን ተቀምጠውባት ሳታኮርፍ ስትሠራ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። የሚንቋቋ፣ የሚያፏጭ ነገር ቢኖር ብለው አዳመጡ፤ ምንም አልነበረም።

ሞተሩን ሲያጠፉ እጃቸው ቦርሳውን ሊያቀብል እንደልማዱ ወደ ቾኩ እጀታ ሄደ። ባዶውን እጀታ ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቁልፉን ነቅለው ወረዱ።