የማይለቁት ቁስል

ሽማግሌውን ሐኪም የፈለሰፉት የደም ሥር መቆንጠጫ ሀብታም አደረጋቸው፤ ሀብቱን ሁሉ ለዚህ ነጻ ሆስፒታል ሰጡ። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቀዶ ጥገና አይሠሩም። ቢሆንም እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ የሸሚዛቸውን አንገት እስከ ላይ ቆልፈው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይቀመጣሉ።

ትናንት ጭኑን በቢላ የተወጋ ሰው በሸክም መጣ። ደሙ ግድግዳው ላይ ይረጭ ነበር። ሽማግሌው ተንበርክከው ቡጢያቸውን ቁስሉ ውስጥ ወሸቁት። ወዲያው የወጋው ታናሽ ወንድሙ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ፤ ቢላው አሁንም በእጁ ነው።

«ዞር በል አንተ ሽማግሌ! ሳልጨርሰው አልሄድም!»

«ጎሽ፣ ጉልበተኛ ስፈልግ ነው የመጣኸው። እኔ ደክሞኛል፤ ና፣ እዚህ ጋ ተጫን። ልትገድለው ካሻህ መልቀቅ ብቻ ነው።»

እጁን ጎትተው ቁስሉ ውስጥ ከተቱት። የወንድሙ ደም ጣቶቹን ሲያሞቃቸው ቢላው ከሌላው እጁ ወደቀ። ሐኪሞቹ መቆንጠጫውን ይዘው እስኪደርሱ እያለቀሰ ተጫነ።

«አባባ፣ እንደማይለቀው በምን አወቁ?» አለች ነርሷ።

«አላወቅሁም፣ ልጄ።» በግርግሩ የአንገት ቁልፋቸው ተበጥሶ፣ ከጆሮ ሥር ወደ አንገታቸው የወረደ የድሮ የቢላ ጠባሳ ይታያል። «የእኔ ወንድም ወግቶኝ፣ ቁስሌን ለቆ ነው የሮጠው።»