ባለ ሽቦው እናቱን ይዞ የወጣ ቀን

ልብስ ሰፊው ወደ ሰፈራችን ሲመጣ እንደ ሰው ስም ነበረው። መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ግን ስሙን የሚያነሳ ጠፋ፤ ከልጅ እስከ አዋቂ «ባለ ሽቦው» ነው የሚለው። ሽቦው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ይወጣል፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ይንጠላጠላል፣ የአከራይዋን ደጃፍ ይሻገርና በጊቢው በር ስር ሾልኮ ውጭ የቆመችው መኪና ጎን ላይ ይሰካል። አዲስ ተከራይ የገባ እንደሆነ አንድ ቀን ካልሲውን እሱ ላይ ማስጣቱ አይቀርም።

አከራይዋን ደግሞ «እትዬ ቆጣሪ» እንላቸዋለን፤ በፊታቸው አይደለም እንጂ። ጊቢያቸው ጢም ብሎ በተከራይ የተሞላ ነው፣ የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ። ሁለት ሰው እኩል ካውያ የሰካ እንደሆነ መብራቱ ድርግም ይላል፤ እሳቸውም በባዶ እግራቸው ብቅ ብለው «ሁለተኛው ማነው?» ይላሉ። የመጀመሪያውን ጠይቀው አያውቁም። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገባው እዚህ ጊቢ ውስጥ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ልብስ ሰፊውን የቸገረው የእናቱ ዓይን ነው። አብረውት ነው የሚኖሩት። አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ሰውን እንደ ጥላ ነው የሚያሳያቸው፣ በድምፅ ካልሆነ አይለዩንም። ሐኪሙ ይሄኛው ሳይዘጋ ቶሎ ከተቀደደ ይተርፋል ብሏል። ቀዳጁ ሐኪም ግን የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በዓመት አንዴ ጥቂት ቀን ይሠራና ይሄዳል። ተራ የደረሰው ደረሰው፣ ያልደረሰው ለከርሞ። ልጅየው ደጅ ጠንቶ፣ ለዘበኛው ሱሪ አሳጥሮ፣ ለጸሐፊዋ ቀሚስ አጥብቦ፣ ለእናቱ ተራ አገኘ።

ለምርመራ ሲመላለሱ በአውቶቡስ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ እናቲቱ ደረጃውን አየሁ ብለው ያልነበረ ደረጃ ረገጡና ተንከባለሉ። ከዚያ ወዲያ ልጅየው «እናቴን ሁለተኛ አውቶቡስ ላይ አላወጣም» ብሎ ማለ። መሐላ እንግዲህ በነፃ ነው፤ መኪና ነው የማይገኘው። የቤንዚን መኪና ዋጋውን እንኳ ቢደፍሩት የነዳጁን ሰልፍ ማን ይቆመዋል? ስለዚህ የጥልፍ ስፌት መኪናውን ሸጠ፣ ሚስቱ አምባሯን ጨመረች፣ አገር ሊለቅ ከቸኮለ ሰው ላይ ያገለገለች ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ሻጩ እየዞረ ሲያስጎበኝ ነዳጅ የላት፣ ዘይት የላት፣ ካምቢዮ የላት እያለ አመሰገናት። ሚስትየው «ታዲያ ምን አላት?» ብትል ሁሉም ሳቀ።

ስለ ባትሪው ዕድሜ ግን የጠየቀ የለም። እኛ ሰፈር መኪና ሲገዛ ጎማው በእግር ይመታል፣ በሩ ተከፍቶ ጓ ተደርጎ ይዘጋል፣ ቀለሙ በጥፍር ይፋቃል። ወንበር ስር የተኛ ባትሪ ማን ይጠይቀዋል?

መኪናዋ ፊት ለፊቷ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር አላት፤ ጽሑፉ ማንም የማያውቀው የሩቅ አገር ፊደል ነው። ደግሞም ትናገራለች። ቀጭን የሴት ድምፅ ነው፣ በዚያው በማናውቀው ቋንቋ። በመጀመሪያው ሳምንት «ባለ ሽቦው መኪናው ውስጥ ሴት አለችበት» የሚል ወሬ ወጥቶ ሚስቱ ጆሮ ደረሰ። ሚስቱ ጠብ ታነሳለች ብለን ስንጠብቅ፣ «ካለችስ፣ እሱን አዳምጣ መልስ የምትሰጥ ሴት ከሆነች ትኑር» ብላ አሳፈረችን።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንሂድ። ሰፈራችን ውስጥ ስለ ባትሪ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ ሞባይል ጠጋኙ። «ፕሮፌሰር» ነው የምንለው። ልብስ ሰፊው አክብሮ ሄዶ ባትሪ እንዴት ይያዛል አለው። ፕሮፌሰርም የጥርስ ብሩሽ በያዘ እጁ የአንዱን ስልክ ሆድ እየፈተገ፣ ባትሪ ማለት ባትሪ ነው፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ጠባዩ አንድ ነው፣ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ የተሰካ ባትሪ ይሰንፋል ብሎ አስተማረው። እኛም ሁላችን ስልካችንን እንዲያ አድርገን ስላሳደግን አሜን አልን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክሩ ለእትዬ ቆጣሪ ተስማማቸው። መኪናዋ ሙጥጥ ብላ ስታልቅ ወዲያው መሰካት የለም፤ ተከራዩ ሁሉ ልብሱን እስኪተኩስ፣ ምጣዱ እስኪበርድ ባዶዋን ቆማ ተራ ትጠብቃለች። አንዳንዴ እሁድ ሞታ ረቡዕ ትነሳለች። ያቺ ቀጭን ድምፅ እያለቃቀሰች ስትለምን «ይቺ ሰው አክባሪ፣ ደህና ዋሉ ትላለች» እንል ነበር።

መጀመሪያ አንዴ ተሞልታ ገበያ ደርሳ፣ ጨርቅ ጭና፣ ዘመድ ጠይቃ ትመለስ ነበር። እየቆየ ዘመዱ ቀረ። ቀጥሎ ማራገቢያው ተዘጋ። ቀጥሎ ሬዲዮው። ዝናብ ሲዘንብ የመስታወት መጥረጊያውን አንዴ ያስነሳና ያየውን በልቡ ይዞ ይነዳል። በመጨረሻ ጨርቁ ይከብዳታል ብሎ ጥቅሉን በትከሻው ተሸክሞ ከገበያ በእግሩ ሲመጣ አየነው። መኪናዋ የት አለች ብንለው «ቤት ናት፣ ላደክማት አልፈለግኩም» አለ። መኪና ገዝቶ እግረኛ የሆነ ሰው ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

መካኒክ ዘንድም ሄዷል። መካኒኩ የፊት ክዳኗን ከፍቶ አየና፣ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ እንደገባ ሁሉ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ስለ እነዚህ መኪናዎች ያውቃል የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ ባትሪውን የገደለው ባዶውን እየቆመ መዋል ማደሩ እንደሆነ፣ መቀየሪያውም ከመኪናዋ መግዣ እንደሚበልጥ በትሕትና ነገረው። ልሽጣት ቢል የሚገዛ የለም፤ ልጣላት ቢል እናቱ አሉ። እጅ እግሩን ታስሮ የቀጠሮውን ቀን መቁጠር ነው የቀረው። እናትየው ይህን ሁሉ አያውቁም። አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረውባት አያውቁም። «እኔን በቀጠሮዬ ቀን ታወጣኛለህ፤ ለሽርሽር ብለህ የሰው መብራት አትፍጅ» ብለው እንቢ ብለዋል።

የቀጠሮው ዋዜማ ግን ጊቢው ሠርግ ያለበት መሰለ። እትዬ ቆጣሪ ከረፋዱ ጀምሮ በየበሩ ዞረው ዛሬ ልብስ የሚተኩስ ነገ ቤት ይፈልግ አሉ። ተከራዩ ሁሉ ካውያውን ደበቀ፤ አስተማሪው የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ከሰዓት የታክሲ ሹፌሩ፣ ያቺ በየዳገቱ የምታስል አሮጌ መኪና ያለችው ጎረቤታችን፣ መጣና እናትህን ነገ እኔ ላድርሳቸው፣ የነዳጁንም አታስብ አለው። ልብስ ሰፊው መቼም በነጯ መኪናው ምክንያት ያልበላው ስድብ፣ ያልሰማው ቀልድ የለም። ያን ቀን ግን ሽቦው ተሰክቶ፣ የባትሪው ቁጥር ከፍ ከፍ ሲል እያየ ልቡ ሞቅ ብሎታል። «አንተ ሰልፍ ላይ ተራህን ስትጠብቅ እኔ እናቴን አሳይቼ፣ መልሼ፣ ምሳ በልቻለሁ» አለው። ሚስቱ ከመስኮት ሆና «እሺ በለው» ልትል አሰበች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እስካሁን የምትቆጨው በዚያ ነው።

ሲነጋ መኪናዋ መቶ ከመቶ ትላለች። ቁጥሩን እንኳ እንደ እኛ ነው የሚጽፉት፣ በዚያ አይታሙም። እናትየው ፊት ተቀመጡ፣ ሚስትየው ኋላ። እትዬ ቆጣሪ ሽቦውን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መድረስ ነው፤ ጊዜውም በቂ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱን ስትጀምር ግን ቁጥሩ ደረጃ እንደሚወርድ ልጅ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየዘለለ ይወርድ ጀመር። ሰባ ሲል አይቶ ቀና ሲል ሃምሳ። ያቺ ቀጭን ድምፅ አንድ ነገር አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። እናትየው ለሰላምታ መስሏቸው «ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ አንቺስ?» አሏት። 

ይህን ሁሉ የነገረችን ሚስቱ ናት። ባልየው ላቡ በጀርባው ሲወርድ፣ መሪውን ወደ ፊት እየገፋ፣ በቂጡ እየገፋ፣ በጸሎት እየገፋ ግማሽ ዳገት ድረስ ወሰዳት ትላለች። እዚያ ላይ ድምፅዋም፣ ስክሪኑም፣ ሁሉም ጠፋ። እንደምንም ዳር አስያዛት።

እናትየው ምነው አሉ። ልጅየው ፖሊስ ወረቀት ሊያይ ነው፣ አንዴ ልውረድ ብሎ ወረደ።

ሰው ክፉ አይደለም፤ ችግሩ እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ተሳድበው ይገላገሉት ነበር። የመጀመሪያው ባለ መኪና ቆመና ነዳጅ አልቆብህ ከሆነ ብሎ ጀሪካን አወጣ። ሁለተኛውም ጀሪካን። ሦስተኛው ጀሪካን ብቻ አይደለም፣ ማስተላለፊያ ጎማም ነበረው። መላ አገሩ በሰልፍ የሚያጣው ነዳጅ፣ ያን ጠዋት ለእሱ ብቻ ተትረፈረፈ። የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። እኔን ተዉኝ፣ እናቴን ብቻ ውሰዱልኝ ቢል፣ አንደኛው እስከ ኮርኒሱ ሽንኩርት ጭኗል፣ ሁለተኛው ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ሦስተኛው ሲሚንቶ የጫነ ትልቅ ከባድ መኪና ነው፤ የጋቢናው ቁመት አውቶቡሱን ያስንቃል፣ ውስጡም ሰው ሞልቶታል። ሚኒባሶቹ በር ላይ ሰው አንጠልጥለው፣ እጃቸውን በይቅርታ እያወዛወዙ አለፉ። ወደ ታክሲ ሹፌሩ ደወለ። ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ከፊቴም ከኋላዬም መኪና ነው፣ መውጫ የለኝም አለው። ደግ ሰው ነው፣ ስለ ትላንቱ ነገር አንድ ቃል አላነሳበትም።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ስልኩ ጮኸ። ያቺ ቀሚሷን ያጠበበላት ጸሐፊ ናት፤ የሚቀጥለውን በሽተኛ አስገብተውታል። ዛሬ የሐኪሙ የመጨረሻ ቀን መሆኑን ታውቃለህ አለችው። አውቃለሁ አላት። መንገድ ላይ ነኝ ቢላት፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው ጋሼ፣ ለከርሞ ቀደም ብለህ ውጣ አለችው። ከርሞ ያ ዓይን ይኑር አይኑር እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቃት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ተመልሶ በሩን ከፈተ፣ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፣ ዘጋው። ሊነግራቸው ነበር የገባው። ሚስትየው ከኋላ ትከሻውን ያዘችው፤ ንገራቸው ለማለት ይሁን ተው ለማለት ራሷም አታውቅም። በዚያው ቅጽበት አንድ ከባድ መኪና በጎናቸው ሲያልፍ ነጯ መኪና ከነሰዎቿ ወዝወዝ አለች።

እናትየው ፈገግ አሉ። ከቦርሳቸው ሻሽ አውጥተው በዳበሳ አሰሩ፣ ሐኪም ፊት እንዳይጎሳቆሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉልበት አገኙት።

«ፖሊሱ ለቀቀህ አይደል? ተመስገን። እንዴት ያለች መኪና ናት ልጄ፣ መንቀሳቀሷ እንኳ አይታወቅም። አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ቀረብን?»

ልጅየው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ መንገዱን አየ።

«ቀረብን እማዬ» አለ።