ባያስ ያስተካከልንበት ቅዳሜ

የወንድሜ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካቻቢቴ ሲይዝ ነው። ብሎኑ ላይ ሊያሳርፈው ሲል ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሲጠየቅ ብርድ ነው አለ። ደጋው አረቅጥ ላይ ቢሆን ኖሮ አምነው ነበር፤ እሱ በሚኖርበት ወልቂጤ ላይ ግን ሰው በብርድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ከካቻቢቴው ማንኪያው ቀጠለ፣ ከማንኪያው የሸሚዙ ቁልፍ። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም አለው። ወንድሜም መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ተመለሰና በማግስቱ ሱቁን ከፈተ።

ሥራው ሬድዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። እኔ ቡታጅራ ልብስ እሰፋለሁ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። የመጀመሪያዋን የልብስ ስፌት መኪናዬን ሰው ከጣለው ብረት ለቃቅሞ አስነስቶ የሰጠኝም እሱ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ደውላ ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ ላከራየው ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ። ንዴት ላይ ድሮም ሰነፍ አይደለሁም።

«እጁ እንጂ ጭንቅላቱ ምን ሆነ?» አልኳት።

«እጁ ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶኝ» አለች። «ባለፈው ከገበያ ሲመለስ የገዛ ቤቱን አልፎ ሄደ። ልጠራው ወጥቼ ስመልሰው ሳቀ።»

«እኔም ሐሳብ ሲይዘኝ ቤቴን አልፋለሁ እትዬ።»

«አንቺ አታዪውማ። አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ክፉ ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። እንዲህ በማሰቤም ቀለል አለኝ፣ ምክንያቱም እሷ ክፉ ከሆነች ወንድሜ ደህና ነው ማለት ነው።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ በማለዳ በአገና በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ስደርስ ወንድሜና ሚስቱ ተጣልተው ታርቀዋል፤ እርቁም ውል ነበረው። በሱቁ ጥግ ወንድሜ ለዓመታት ሲሠራው የኖረ የጊታር አምፕሊፋየር አለ። ከአሮጌ ሬድዮኖች የለቀመው ትራንስፎርመር፣ በገዛ እጁ የላገው የእንጨት ሳጥን፣ እንደ አምፖል የሚበሩ ወፋፍራም የመስታወት ቲዩቦች። ወጣት ሳለ በመዘምራን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበርና ያኔ የነበረው ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። አሁን ሁሉም ነገር ተገጥሟል፤ የቀረው ባያሱን ማስተካከል ብቻ ነው። ውሉ ይህ ነው፦ እኔ እጁ እሆናለሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል። ነገ እሑድ ቸርች ውስጥ አምፕሊፋየሩ ከሠራ፣ በእጁ ፈንታ የሚሠራ ሰው ቀጥሮ ሱቁን ይዞ ይቀጥላል። ካልሠራ ሱቁ ለሞባይል ነጋዴው ይሆናል።

«እጄ ቢሄድም ጭንቅላቴ አለ» አላት። እሷ ቁርስ አቀረበችልንና ወደ ጓዳ ገባች።

ባያስ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ስጠይቀው ወደ እኔ ሙያ አምጥቶ አስረዳኝ። ጊታሩ ዝም ባለበት ጊዜም በቲዩቡ ውስጥ ጥቂት ከረንት ይፈሳል። ያንን መመጠን ነው። በጣም ካነሰ ድምፁ ይሻክራል፣ ከበዛ ቲዩቡ ከውስጥ ቀልቶ ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመሩንም ይዞት ይሄዳል። «የክር ማጥበቂያሽን አስቢው። ስታላሊው ስፌቱ ይፈታል፣ ስታጠብቂው ክሩ ይበጠሳል» አለኝ። ገባኝ። እንደ ድሮው ነው ያስረዳኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይጠፋበት። በልቤ ሚስቱን ተሳደብኩ።

ከዚያ ሳጥኑን ገለበጥንና ሆዱን ከፈትነው።

«ግራ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ» አለኝ።

«ቀሚሴ ኪስ የለውም።»

«ልብስ ሰፊ ነሽ ደግሞ። በይ ከኋላሽ አድርጊው። በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። በሁለት እጅ ከነካሽው ከረንቱ በልብሽ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ይሄ የግድግዳው መብራት እንዳይመስልሽ፣ ከሱ በጣም ይበልጣል። ተነቅሎም እንኳ ውስጡ ይቆያል።»

እሱ ለምን መንካት እንደማይችል ያኔ በደንብ ገባኝ። በዚያ እጅ አንድ ጊዜ ቢስት አይተርፍም። ግራ እጄን ከወገቤ ኋላ ቀሚሴን አስጨበጥኳትና በቀኜ ሠራሁ። ቴስተር የሚሉትን መለኪያ አንዱን ገመድ በመቆንጠጫ ዕቃዎቹ የተገጠሙበት ብረት ላይ አስያዘኝ፣ ሌላውን የት እንደማሳርፍ በእንጨት እያመለከተ አሳየኝ። እንጨቱ ጫፉ ላይ ይርገበገባል፤ የሚያመለክተውን ቦታ ለማወቅ መሃሉን እገምታለሁ። ቁጥሩን አነብለታለሁ፣ ትንሿን መዘውር በካቻቢቴ ቅንጣት ታህል አዞራለሁ፣ እንደገና አነባለሁ። «ጨምሪ። ትንሽ። በቃ። አሁን ይሙቅ፣ እንጠብቅ።» ቁጥሩ ሲወርድ እንደገና ያስጨምረኛል።

ከጎናችን ያለው ወፍጮ ቤት የገበያ ቀን ስለሆነ ያለ ዕረፍት ይፈጫል። ለመደማመጥ እንጮህ ነበር። የሱቁ አምፖል ፈዘዝ ብሎ ይርገበገባል፤ እኔ ዓይኔን አጥብቤ ቁጥር ከማንበብ በቀር ስለሱ ያሰብኩት የለም። ወንድሜም አላነሳውም። በመጨረሻ ቁጥሩ እሱ በሚፈልገው ላይ ረጋ። ጊታሩን ሰክቶ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ክሮቹን አንዴ ጠረገ። ድምፁ ሞላ ብሎ ወጣ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ እኔ ደግሞ መታጠፍ የማያስፈልገው ገመድ ሳጥፍ ቆየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሚስቱ የምናገረውን ሁሉ እያሰናዳሁ ነበር።

ቸርቻቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እሑድ ጠዋት ጊታር የሚጫወተው ልጅ አምፕሊፋየሩን ሰካ፤ ወንድሜ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላቸው። የመጀመሪያው መዝሙር ያማረ ነበር። በሁለተኛው መሃል ድምፁ መወፈርና መንተባተብ ጀመረ። ቀድሞ ያየው ወንድሜ ነው። ከቲዩቦቹ አንዱ ሆዱ ቀልቶ እንደ ፍም ሆኗል። ተነስቶ ወደ መድረኩ ወጣና ማጥፊያውን ሊነካ እጁን ዘረጋ። እጁ ሳጥኑን ይነካል፣ ማጥፊያውን ይስታል፤ እንደገና ይዘረጋል፣ እንደገና ይስታል። ምእመኑ ሁሉ ያየዋል። ልጁ ገብቶት ሶኬቱን ሲነቅል ትራንስፎርመሩ ጢስ ጀምሮ ነበር፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አዳራሹን ሞላው። አንድ ሽማግሌ የጠላት ሥራ ነው ብለው ጸለዩ። ጠላቱ ምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ከሰዓት ቤት ተቀምጠን ሳለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሊያጽናኑ መጡ። ከወንድሜ ጋር ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ፣ እርስ በርስ ሲቀላለዱ የሚውሉ ሰው ናቸው። ጤናቸውን ሲጠየቁ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡና ነገሩን ከእኔ ሰሙ። መቼ እንዳስተካከልነው ጠየቁኝ። ትናንት ረፋድ ላይ አልኳቸው።

«ወዳጄ፣ ታዲያ ቆርቆሮውን ለምን አልመታህም?» አሉት ወንድሜን። እኔ እንዳልገባኝ ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ሞተር ሲሠራ የሰፈሩን መብራት ይጎትተዋል። ወንድምሽ እንዲህ ያለ ልኬት ሲኖረው በግድግዳው ቆርቆሮ ላይ ይመታል፣ እኔ ወፍጮውን አቆምለታለሁ፣ ሲጨርስ ደግሞ ይመታል። ስንት ዘመናችን ነው። እህል ያመጡት ሁሉ እየተቆጡ እንኳ አቆምለታለሁ። በደከመ መብራት የለካ ሰው መብራቱ ሲበረታ ያቃጥላል ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። እሑድ ደግሞ እኔም ብየዳ ቤቶቹም ዝግ ነን፣ መብራቱ እንዴት እንደሚበረታ...»

አልጨረሱትም። የወንድሜን ፊት አይተው ነው ያቆሙት። ወንድሜ የሚያስታውሰውን ነገር እየፈለገ አልነበረም፤ አስታውሶታል። ትናንት ጆሮው ሥር ሲጮህ የዋለው ወፍጮ ሐሳቡ ውስጥ ጨርሶ እንዳልገባ ነበር አሁን የሚያየው። ሰውዬው ካፖርታቸውን ሰብስበው ተነሱ፣ በሩ ላይ «አላህ ያሽርህ» ብለው ሄዱ።

ልዋሽለት ፈለግኩ። ቲዩቡ አሮጌ ነበር፣ እኔ መዘውሯን አብዝቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

«ተይው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ለሞባይል ነጋዴው ንገሪው። ሱቁን ይውሰደው።»

አንዲት የክፋት ቃል ከአፏ ብትወጣ ልይዝባት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «ትንሽ ይቆይ። እስከ መስቀል እንኳ ይቆይ» አለችው እያለቀሰች።

«አይቆይም» አለ። «ዛሬ መስጠቴን እያወቅኩ ልስጠው። ኋላ ሳላውቅ ከምትወስዱብኝ።»