ለወንድሜ የያዝኩት ክብሪት

አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲያወራችሁ የነበረ ሰው፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ድንገት የጠፋባችሁ ጊዜ አለ? የወንድሜ የብሩክ ሕመም የጀመረው እንዲህ ነው። ሆላንድ አገር፣ ዲመን በምትባል ከተማ ባለው ቤታችን መኮሮኒ እየበላን ማንኪያው አፉ አጠገብ ቆመ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወደቀ። ተንቀጠቀጠ። ከንፈሩ ጠቆረ።

እሱ ሰባት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን እትዬ አልማዝ አብረውን ነበሩ። "ክብሪት! ክብሪት አሽቱት!" ብለው ጮኹ። እማዬ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ክብሪቱ እንዳዳነው አመንኩ።

ሐኪሞቹ ኢኢጂ በሚባለው የአንጎል ምርመራ ኤፒለፕሲ መሆኑን ነገሩን። መድኃኒት ቢጀምርም መውደቁ ወዲያው አልቆመም። እማዬ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ይዤው የምመለሰው እኔ ነበርኩ፤ ክብሪትም ከቦርሳዬ አይለይም። ስኮልካምፕ፣ ማለትም ክፍላችን ከከተማ ወጥቶ የሚያድርበት ጉዞ፣ ሲደርስ አልሄድም አልኩ። እኔ ከሌለሁ ማን ያሸተዋል? ይሞታል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን መምህሬ ክብሪቱን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘችና እማዬን አስጠራች። ብሩክ "አንቺ፣ ሲጋራ ጀመረች እየተባልሽ ነው እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደያዝኩትም ተናገርኩ።

እማዬ በሚቀጥለው የብሩክ ቀጠሮ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የነርቭ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ያነቃው ክብሪቱ አይደለም" አለችኝ። "አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያቆማል። እሳቱ ግን ሊያቃጥለው ይችላል። በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ አምቡላንስ፣ 112፣ ደውሉ። ይህን ሁሉም ሰው ይችላል፤ አንቺ ሂጂና ተጫወቺ።"

እማዬ አቀፈችኝ። "እኔ እኮ ጉዞውን የጠላሽው መስሎኝ ነበር፣ ልጄ" አለች።

ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ስለ ብሩክ ሳስብ ዋልኩ። በማግስቱ ግን ከጓደኞቼ ጋር አሸዋ ላይ ስሮጥ ቆይቼ፣ ብሩክን ለብዙ ሰዓት እንዳላሰብኩት ድንገት ታወቀኝ፤ ደነገጥኩ፣ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያም መሮጤን ቀጠልኩ። ስመለስ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።

"ሳትኖሪ አንዴ ወድቄ ነበር" አለኝ። "ምንም አልቀረብሽም!"

ዛሬ ሕመሙ በመድኃኒት ተገቶለታል፤ እኔም ስኪዳም ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ። ወንበሯን ያዞረችልኝን ሐኪም አመሰግናለሁ። እትዬ አልማዝንም አመሰግናለሁ፤ ክብሪቱ እንደማይረዳ ሲነገራቸው ሳይቀየሙ በጎን ማስተኛቱን ተምረው ለምእመናኑ ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

የታመመ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ጤነኛውን ልጃችሁን ለብቻው ይዛችሁ ውጡ፤ ትራም ፌርማታ ድረስም ቢሆን ይበቃል። የሚያስፈራው ነገር ካለ ጠይቁት። "ምንም" ይላችኋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። አትቸኩሉ። አንድ ትራም ይለፋችሁ፣ ሁለተኛውም ይለፍ፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠብቁት። እባካችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት።